ማን ለማን ቃኘ? ስለ ቅይጥ የሙዚቃ አልበሞች ለዝግጅት ክፍሉ የተጻፈ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የተለያዩ ሕዝቦችን ሙዚቃ ስለሚያዋህዱ አልበሞች በተጻፈ ቁጥር አንድ አባባል አይጠፋም፤ «ሙዚቃ ድንበር የለውም»። ለአልበም ሽፋን ያምራል። መሣሪያዎቹ አንድ ክፍል ገብተው መቃኘት ሲጀምሩ ግን ድንበሩ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ፍንትው ብሎ ይታያል፤ ያውም በቁጥር የሚለካ ድንበር ነው። አልበሙን የሚያቆመውም የሚጥለውም ከዚያ ቀጥሎ የሚሰጠው ውሳኔ ነው፤ ማን ለማን ቃኘ? በዓምዳችሁ ከወጡት ግምገማዎች ይህን የጠየቀ ስላልገጠመን ነገሩን በዝርዝር መጻፍ መረጥን። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ስለ ስሙ። «የዓለም ሙዚቃ» የሚባል የአጨዋወት ስልት የለም። ቃሉ ለገበያ የዋለው በ1987 ነው። የትናንሽ ሙዚቃ አሳታሚ ድርጅቶች ሰዎች ለንደን ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት ተሰብስበው፣ ሸክላ ሻጮች «ይህንን የት እንደርድረው?» ለሚሉት ሥራ የመደርደሪያ ስም አወጡለት። የአሜሪካው የሙዚቃ ሽልማት ግራሚ ለዘርፉ አልበም መሸለም የጀመረው በ1992 ነው፤ በ2020 ደግሞ ስያሜው የቅኝ አገዛዝ ጠረን አለው ብሎ «ግሎባል» በሚል ቀየረው። ስለዚህ ገምጋሚ «ዓለም አቀፍ ስልት ያለው» ብሎ ሲጽፍ ስለ ድምፁ ምንም አልነገረንም፤ የነገረን የት መደርደሪያ ላይ እንደምናገኘው ነው።

ወደ ቅኝቱ እንሂድ። አንድ ኦክታቭ (ከአንድ «ዶ» እስከ ቀጣዩ «ዶ» ያለው ርቀት) 1200 ሴንት ነው፤ ሴንት የድምፅ ርቀት መለኪያ ነው። ፒያኖና ጊታር ይህን ለ12 እኩል ስለሚከፍሉት በየ100 ሴንቱ አንድ ድምፅ ያገኛሉ። ከምዕራብ አፍሪካ ባላፎኖች (በዱላ የሚመቱ፣ ከእንጨት ርብራብ የተሠሩ መሣሪያዎች) ብዙዎቹ ግን ኦክታቩን ለ7 ይከፍሉታል፤ ክፍፍሉ እኩል ለመሆን ስለሚጠጋ ከአንዱ እንጨት እስከ ቀጣዩ 171 ሴንት ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ሦስተኛው እንጨት ከመጀመሪያው 343 ሴንት ላይ ተቀምጧል። ፒያኖው ያለው ወይ 300 ነው ወይ 400፤ ከሁለቱም አይገጥምም። በዐረቦች ራስት መቃም (ቅኝት) የሚሰማው ሦስተኛ ድምፅም ከ350 ሴንት ብዙም አይርቅም፤ ሰፈሩ በፒያኖው ጥቁርና ነጭ ቁልፍ መካከል ነው። የጃቫ ጋሜላን (የኢንዶኔዥያ የምት መሣሪያዎች ስብስብ) ደግሞ ስሌንድሮ በሚባለው ቅኝት 5፣ ፔሎግ በሚባለው 7 ድምፅ አለው። ከዚያም ብሶ እያንዳንዱ ስብስብ በራሱ ቅኝት ስለሚሠራ ከአንዱ መሣሪያ ተውሶ ሌላው ውስጥ መጨመር አያስኬድም።

ሕጉ ቀላል ነው፤ መቃኘት የማይችለው ይመራል፣ መቃኘት የሚችለው ይከተላል። ባላፎን፣ እምቢራ (በአውራ ጣት የሚመታ የብረት ምላስ ያለው የአፍሪካ መሣሪያ) እና ጋሜላን ስቱዲዮ ከደረሱ በኋላ የሚጠመዘዝ ጆሮ የላቸውም። ማሲንቆ፣ ቫዮሊን፣ ዑድ (የዐረቦች ባለ አውታር መሣሪያ) እና የሰው ጉሮሮ ግን የፈለጉበት ይደርሳሉ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የማይቃኘውን መሣሪያ ድምፅ በድምፅ መቅዳት ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱን እንጨት ብቻውን፣ በመካከለኛ ኃይል፣ ሦስት ጊዜ፣ ድምፁ እስኪሞት እየጠበቁ። ሲለካ ምቱ ያረፈበት ቅጽበት ተዘልሎ ከዚያ ቀጥሎ የሚረጋው ድምፅ ይወሰዳል፤ በኃይል የተመታ አውታር መጀመሪያ ላይ ከፍ ብሎ ቆይቶ ይወርዳልና። ከዚያ የሴንት ሰንጠረዥ ይወጣል። የየድምፁን ቅኝት ለብቻ ማስተካከል በሚያስችል ኪቦርድ ላይ፣ የባላፎኑ የመጀመሪያ እንጨት «ዶ» ከሆነ፣ «ሚ» በ57 ሴንት ዝቅ ይደረጋል፤ 400 የነበረው 343 ይሆናል። ጊታሩ መከፋፈያ ብረት ስላለው ይህን ማድረግ አይችልም፤ መፍትሔው ከኮርዱ (አብረው ከሚመቱት ድምፆች) ሦስተኛውን ድምፅ አውጥቶ መነሻውንና አምስተኛውን ብቻ መምታት ነው። የባላፎኑ አምስተኛ 686 ላይ ሲያርፍ የጊታሩ 700 ላይ ነው። የ14 ሴንት ልዩነትን ጆሮ ይታገሣል፤ የ57ን ግን አይታገሥም።

በተግባር የሚሆነው ግልባጩ ነው። አቀናባሪው ቀላሉን ያስቀድማል፤ ኪቦርዱን፣ ከበሮውንና ቤዙን ጨርሶ «ለቃና» በሚል ባላፎኑን መጨረሻ ላይ ይጠራል። አልገጥም ሲለው በሶፍትዌር እያንዳንዱን ምት እየጎተተ ወደ ፒያኖው ይወስደዋል። እንጨቱ ግን ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ሥሩ ያለው ቅል ለዚያው ድምፅ ልክ ተመርጦ የተንጠለጠለ ነው። ድምፁ ሲጎተት የቅሉም ማስተጋባት አብሮ ይጎተታል፤ የምቱ ጥርስ ይደነዝዛል፤ ባላፎኑ እንደ ርካሽ የኪቦርድ ናሙና ይሆናል። አድማጭ ምክንያቱን ባያውቀውም «ለምን ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል?» ብሎ ይጠይቃል።

ሌላም ስውር ስህተት አለ። በባሊ ጋሜላን ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚመቱ መሣሪያዎች ሆን ተብሎ ጥቂት ተለያይተው ይሠራሉ። አንዱ በ300 ሄርዝ (በሰከንድ 300 ንዝረት)፣ ጓደኛው በ307 ቢሆን ድምፃቸው ሲገናኝ በሰከንድ 7 ጊዜ ይርገበገባል፤ የሚፈለገው ያ መርገብገብ ነው። የመቃኛ መሣሪያ ግን «አንዱ ተበላሽቷል» ይላል። ያንን አምኖ ሁለቱን ያስተካከለ ሰው ጋሜላኑን ገድሎታል።

በእኛ ቅኝቶች ላይ የሚደርሰው በደል ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከኮርድ ነው። ትዝታን ከ«ዶ» ብንነሣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ከነዚህ አምስት ድምፆች የሚወጡት ባለ ሦስት ድምፅ ኮርዶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ዶ-ሚ-ሶል እና ላ-ዶ-ሚ። ጊታሪስቱ በልማድ ፋ-ላ-ዶን ሲጨምር ቅኝቱ ውስጥ የሌለ «ፋ» ያስገባል፤ ዜማው ትዝታ ሆኖ ሳለ አጀቡ ከየትም አገር የመጣ የፖፕ ዘፈን ይሆናል። አምባሰል ላይ ጉዳቱ ይከፋል። ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ስንል በመነሻው «ዶ» ላይ የሚቆም ሦስተኛ ድምፅ የለም፤ ቦታው ባዶ ነው። «ሚ» ቢሞላበት ወዲያው ወደ ዐረቦቹ ሒጃዝና ወደ ስፔኖቹ ጊታር ይሸሻል፤ «ሚ ፍላት» ቢሞላበት አምባሰል መሆኑ ይደበዝዛል። ስለዚህ ቤዙ ዶንና ሶልን ይዞ ዝም ይበል፤ ቀለም የግድ ካስፈለገ ከቅኝቱ ሳይወጡ ፋ-ላ ፍላት-ዶ ወይም ሬ ፍላት-ፋ-ላ ፍላት አለ። ሙላቱ አስታጥቄ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ቅኝቶቻችንን ከጃዝና ከላቲን ምት ጋር ሲያገናኝ የመረጠው ቫይብራፎን ከቶ የማይቃኝ ብረት ነው፤ ቅኝቱ ወደ 12ቱ እኩል ድምፆች መጠጋት ግድ ሆኖበታል። ይህ ዋጋ አለው፤ ግን በዕውቀት የተከፈለ ዋጋ ነው። «ማን ለማን ቃኘ?» ሲባል ጥርት ያለ መልስ አለው።

ሁሉም የሚቃኝበትን መነሻ ድምፅ፣ «ላ»ን ራሱን፣ ሳይስማሙበት የሚጀምሩም አሉ። አንዱ በ440 ሄርዝ፣ ሌላው በ442 ቢቃኝ ልዩነቱ 8 ሴንት ገደማ ነው፤ ያልፋል። በ432 የቃኘ ሰው ከመጣ ግን 32 ሴንት ይሆንና ዘፋኙ የትኛውን እንደሚከተል ይጠፋዋል። ሙቀትም አለ። በዋሽንትና በኔይ (የዐረቦች ዋሽንት) ውስጥ ያለው አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ ድምፁ በ3 ሴንት ገደማ ይወጣል፤ የክራር አውታር ግን ሲሞቅ ይላላል፣ ቆዳውም እርጥበት ሲጠጣ ይረግባል። ጠዋት የተስማሙ ሁለት መሣሪያዎች ከሰዓት በኋላ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጓዛሉ ማለት ነው። በየ20 ደቂቃው ቆሞ እንደገና መቃኘት ጊዜ ማባከን አይደለም፤ ሲደባለቅ የሚጠፋውን ሁለት ቀን ያድናል።

ዛሬ አብዛኛው ቅይጥ አልበም የሚሠራው ሙዚቀኞቹ ሳይገናኙ፣ ፋይል በመላላክ ነው። እዚህ ላይ ከሁሉ የሚያስቀው ስህተት የናሙና ፍጥነት (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ ተለክቶ እንደሚመዘገብ) ነው። በ44.1 ኪሎ ሄርዝ የተቀዳ ድምፅ ሳይለወጥ በ48 ፕሮጀክት ውስጥ ሲጫወት ፍጥነቱ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ቅኝቱም በ147 ሴንት ይወጣል፤ ከአንድ ሴሚቶን (100 ሴንት) አልፎ ሁለት ሳይሞላ። የአገሩን ቅኝት የማያውቅ መሐንዲስ ይህን ሲሰማ «አቤት፣ እንዴት ያለ እንግዳ ቅኝት!» ብሎ ሊያደንቅ ይችላል። መፍትሔው አሰልቺ ቢሆንም የታወቀ ነው። ሁሉም በ24 ቢትና በ48 ኪሎ ሄርዝ ይቅዳ፤ እያንዳንዱ ፋይል ሙዚቀኛው የገባው ዘግይቶ ቢሆንም እንኳ ከዜሮ ሰከንድ ይጀምር፤ ሁለት ባር (የምት ዙር) መቁጠሪያ ይቅደም፤ ማስተጋቢያም ሆነ መጭመቂያ (ጩኸቱንና ጸጥታውን የሚያቀራርብ) አይደረግበት፤ ከድምፁ ኃይል ጣሪያ በታች ቢያንስ 6 ዴሲቤል ክፍት ይተው። በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ሙዚቀኛው አውታሮቹን አንድ በአንድ ክፍት አድርጎ ይምታ፣ የክፍሉንም ዝምታ ለ30 ሰከንድ ይቅዳ። የመጀመሪያው ቅኝቱን ለመለካት፣ ሁለተኛው ሲቆረጥና ሲቀጠል የሚቀረውን ጉድጓድ ለመሙላት ይጠቅማል። ለሙዚቀኛው የሚላከውም ሁሉ ነገር የታጨቀበት ቅንብር አይሁን፤ መነሻው ድምፅና ምቱ ይበቃዋል። አሥራ አምስት ትራክ ከተላከለት አሥራ ስድስተኛ ሆኖ ይደበቃል እንጂ አይጫወትም።

ስለ ምት ብዙ ይጻፋል፤ አብዛኛው ግን «ሞቅ ያለ» ከማለት አያልፍም። ከኤዌዎች የጋና ሙዚቃ የሚታወቀውን የደወል ምት ውሰዱ፤ 12 እኩል ጊዜ አለው፣ ደወሉ የሚመታው በ1፣ 3፣ 5፣ 6፣ 8፣ 10 እና 12 ነው። ተወዛዋዡ ይህንን በ4 ረጃጅም እርምጃ ይይዘዋል። የውጭ ከበሮ መቺ ግን የደወሉን ምት ራሱን እንደ ዋና ምት ቆጥሮ መነሻውን ሌላ ቦታ ያደርገዋል፤ ሁለቱም ትክክል እየመቱ ሙዚቃው ይንገዳገዳል። ችክችካም ይህ ዕጣ ይገጥመዋል፤ በ6/8 ሁለት ትልልቅ ምት ያለውን እንደ ቫልስ በሦስት ሦስት የቆጠረ ሰው እስክስታውን እግር ያሳጣዋል። የሕንዱ ቲንታል 16 ምት ያለው ዙር ነው፤ ከቡልጋሪያው የ7 ዙር (2+2+3) ጋር ቢቀላቀል ሁለቱ መነሻቸው ላይ እኩል የሚገናኙት ከ112 ምት በኋላ ነው። ይህ ችግር ሳይሆን ስጦታ ነው፤ ያ መገናኛ ላይ ዘፋኙ ቢገባ አዳራሹ ይነሣል። ቀድሞ ያልቆጠረው ግን በ64 ላይ ቆርጦ ያባክነዋል።

ክሊክ (በቀረጻ ጊዜ ምቱን የሚቆጥር ድምፅ) አስፈላጊ ነው፣ ጌታ ግን መሆን የለበትም። በማሊ ጀምቤ (የእጅ ከበሮ) አጨዋወት በአንድ ምት ውስጥ ያሉት ንዑሳን ምቶች እኩል አይደሉም፤ አንዱ ያጥራል ሌላው ይረዝማል፤ አለመመጣጠኑም በየዙሩ ሳይዛነፍ ይደጋገማል። ኳንታይዝ የሚባለው ትእዛዝ ሁሉንም ወደ መስመር ሲጎትት የሚያጠፋው ስህተትን አይደለም፤ አነጋገርን ነው። ካስፈለገ የጀምቤው ምት ተለክቶ ኪቦርዱና ቤዙ ወደዚያ ይጎተቱ። እዚህም ጥያቄው ያው ነው። ኦቶቲዩንም (የዘፋኝን ድምፅ የሚያቃና ሶፍትዌር) እንዲሁ፤ በ12 ድምፅ እንደተሞላ ከተተወ መቃም የሚዘፍነውን ሰው 350 ላይ የነበረ ድምፅ ወደ 300 ወይም ወደ 400 ይወረውረዋል። ወይ ይዘጋ፣ ወይ የቅኝቱ ሰንጠረዥ ይሰጠው።

ሲደባለቅ የሚሠራው ትልቁ ጥፋት ደግሞ «ጽዳት» ነው። እምቢራ ላይ የታሰሩት ቆርኪዎች ወይም ዛጎሎች፣ የባላፎኑ ቅል ቀዳዳ ላይ የሚለጠፈው ስስ ሽፋን (በጥንቱ አሠራር ከሸረሪት ድር የሚወሰድ ነው)፣ በበገና አውታርና ብርኩማ መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ሁሉም የተሰቀሉት እንዲያንሸዋሽዉ ነው። የበገና አሥሩ አውታሮች ያለዚያች ቆዳ የጨዋ ጊታር ናቸው። ድምፅ አጽጂ ሶፍትዌር ግን ያንን መንሸዋሸው ከአየር ማቀዝቀዣ ጩኸት አይለየውም። ማይክሮፎኑንም መሣሪያው አፍንጫ ሥር መደቀን አይጠቅምም፤ በጣም ሲጠጋ ከታች ያለው ድምፅ ያብጣል፣ የጣትና የደጋን ኮሽታ ከዜማው በላይ ይሰማል። ማሲንቆ ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር ርቆ፣ ማይክሮፎኑ ከቆዳው መሐል ትንሽ ዘወር ብሎ ሲያይ ጭራውም ሳጥኑም ይሰማል። ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ሲቀዱ በማይክሮፎኖቹ መካከል ያለው ርቀት እያንዳንዱ ከመሣሪያው ካለው ርቀት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን፤ ካልሆነ የአንዱ ድምፅ ሌላው ዘንድ ዘግይቶ ደርሶ ሁለቱን ያሳሳቸዋል። ማስተጋቢያን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፤ ዋሽንት ሁሉ ገደል አፋፍ ላይ መጫወት የለበትም።

ስለ ማስተሪንግ (የአልበሙ የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ) ነገሩ አጭር ነው። ሙዚቃ በኢንተርኔት የሚያሰሙ የዥረት መድረኮች ድምፁን ወደ −14 LUFS (የጩኸት መለኪያ) አካባቢ የሚያወርዱ ስለሆነ አልበሙን ከዚያ በላይ ማስጮህ ጸጥተኛውን መሣሪያ ከማነቅ ሌላ ትርፍ የለውም። ሸክላ የሚወጣ ከሆነ በአንድ ገጽ ከ20 ደቂቃ ብዙ አይለፍ።

አሁን ከቅኝት ሁሉ ወደሚከብደው፣ ወደ ስም እንምጣ። በ1970 ሁጎ ዜምፕ የተባለ የሙዚቃ ተመራማሪ በሰለሞን ደሴቶች አፉናክዋ የተባለች ሴት የምትዘምረውን «ሮሮግዌላ» የሚል እሹሩሩ ቀዳ፤ በዩኔስኮ የሙዚቃ ተከታታይም ታተመ። በ1992 ዲፕ ፎረስት የተሰኘው የፈረንሳይ ቡድን ያንን ድምፅ በኤሌክትሮኒክ ምት ላይ አድርጎ ዓለምን አዳረሰው። አልበሙ የቀረበው ከመካከለኛው አፍሪካ ፒግሚዎች ስም ጋር ነው፤ ሴትየዋ ከፓስፊክ ውቅያኖስ፣ ስሟም የለ። የታይዋን የአሚስ ተወላጆች ዲፋንግና ባለቤቱ ኢጋይ ዱዋናም ድምፃቸውን ኤኒግማ በተባለ የሙዚቃ ቡድን ሥራ ውስጥ ሰምተው ፍርድ ቤት መሄድ ነበረባቸው፤ በ1999 በስምምነት አለቀ። ሁለቱም ሥራዎች ውብ ናቸው፤ ክርክሩ እዚያ ላይ አይደለም።

ይህ እንዳይደገም ወረቀቱ በቀረጻው ዕለት፣ ሙዚቀኛው መሣሪያውን ሳይጠቀልል ይፈረም። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ዜማውን ማን ሠራ፣ ግጥሙን ማን፣ ቅንብሩን ማን፣ ድርሻቸው ተደምሮ 100 በመቶ የሚሆን። ተጫዋችነት ከደራሲነት የተለየ መብት ስለሆነ የተከፈለው የቀን ሒሳብ የትኛውን እንደሚመለከት ይጻፍ። አሥራ ሁለት ፊደልና ቁጥር ያለው አይ.ኤስ.አር.ሲ. የሚባል መለያ ለእያንዳንዱ ትራክ ሲሰጥ የተጫዋቾቹ ሙሉ ስም ከነአጻጻፉ አብሮ ይመዝገብ፤ በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት የተጻፈ ስም ሦስት የተለያየ ሰው ሆኖ ገንዘቡ የትም ይቀራል። ከሁሉ የሚያዳልጠው «ሕዝባዊ ዜማ» የሚለው ነው። ባለቤት የለውም ከተባለ በኋላ «ቅንብር» በሚል አንድ ሰው ሙሉውን በስሙ ሲያስመዘግበው፣ ያስተማረው ሽማግሌ ከእነአካቴው ይሰወራል። ሕዝባዊ ከሆነ ከማን አንደበት እንደተወሰደ፣ የትኛው አካባቢ አዘፋፈን እንደሆነ ይጠቀስ።

በነገራችን ላይ፣ ከዘርፉ እጅግ ስመ ጥር የሆነው የ1996ቱ የሐቫና ቀረጻ፣ ቡዌና ቪስታ ሶሻል ክለብ፣ የታሰበው የማሊና የኩባ ሙዚቀኞች ቅይጥ እንዲሆን ነበር። ማሊያውያኑ በጉዞ ወረቀት ምክንያት አልደረሱም፤ ኩባውያኑ ብቻቸውን ቀዱ። የታሰበው ቅይጥ አፍሮኩቢዝም ተብሎ የወጣው በ2010 ነው። ድንበር የለውም ለሚሉት፣ ቪዛም ድንበር ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችን ይህ ነው። ስለ እንዲህ ያለ አልበም ስትጽፉ ከግምገማው ሥር በትንሽ ፊደል አምስት ነገር ጨምሩልን፤ የተጫዋቾቹን ስም ከነመሣሪያቸው፣ እያንዳንዱ ዘፈን የቆመበትን ቅኝት፣ የምቱን ዙር፣ አንድ ክፍል ውስጥ ወይስ ተራርቀው እንደተቀዳ፣ የዜማው ባለመብት ማን እንደሆነ። መረጃውን አሳታሚው ካልሰጣችሁ «አልሰጠም» ብላችሁ ጻፉ። ቦታ ከጠበባችሁ የሽፋኑን ፎቶ አሳንሱት።

ከአክብሮት ጋር፣
የድምፅ ቀረጻና የቅንብር ባለሙያዎች